የአዴላ ክንፍ፣ የቤርኒስ ምድጃ

ቡፋሎ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1996

ለእህቴ ለአዴላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በረሃው ተስማምቶሽ፣ ጉልበትሽም ቀለል ብሎሽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እኛ በቸርነቱ አለን። ያ ባሌ ቼስተር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን እየዞረ የማያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል። አክስታችን ስታሻ የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ቁስሉ ድኗል፤ ምላሳቸው ግን መቼም ታሞ አያውቅም።

ይህን በእሑዱ ስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ስልኩ የተሰቀለው ከወንበራቸው በላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንዲት ቃል አያመልጣቸውም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

ሐኪሙ በዘይት የተጠበሰ ነገር ሁሉ ከለከላቸው። እኔ ደግሞ በምን እንደምታወቅ አትረሺውም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሥጋ ሎተሪ በወጣ ቁጥር የዶሮ ክንፉን በዘይት የምጠብሰው እኔ ነኝ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሰው ትኬቱን ጨብጦ መንኮራኩሩ ሲሽከረከር አንገቱን ያሰግጋል፤ ቋሊማው ደረሰውም አልደረሰውም፣ መጨረሻ ላይ ሳህኑን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አባ ቦግዳን እንኳ "የቤርኒስ ክንፍ ባይኖር ይህ አዳራሽ ባዶውን ይቀር ነበር" ብለዋል፤ ያውም በድምፅ ማጉያ።

አክስታችን ግን አንድ ቀን "ጥሩ ነው" ብለውኝ አያውቁም። ጥርግ አድርገው ይበሉና አጥንቱን በሳህኑ ዙሪያ ደርድረው "ጨው በዝቷል" ይላሉ። እናትሽና እናቴ ፋብሪካ ሲውሉ እኔንና አንቺን በአንድ አልጋ እያስተኙ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ የሰው ሁሉ ምስጋና ቢቀርብኝ የእሳቸው አንዲት ቃል ይበቃኛል።

ፌብሩዋሪ ዘጠኝ ዘጠና ዓመት ይሞላቸዋል። አርባ ሰው እንጠራለን። ትናንት "ለልደትዎ ምን ልሥራልዎ?" አልኳቸው።

ጣሪያ ጣሪያውን አዩና "አዴላ ቤቷ ያበላችኝን ክንፍ" አሉኝ። "በምድጃ የጋገረችውን። ዘይት የለው፣ ምን የለው፣ ሲቆረጥሙት ቀጭ ቀጭ ይላል።"

አንቺ ዘንድ የከረሙት ሁለት ሳምንት ነው፤ ያውም ከሦስት ዓመት በፊት። እኔ ጋ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ቅናቱ አንገበገበኝ።

ቡፋሎ የክንፍ ጥብስ የተወለደባት ከተማ ናት፤ እዚህ ክንፍ በምድጃ የሚጋግር ሰው የለም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ፓቭላክ ብትሰማ ሰላምታዋን ትነፍገኛለች። ቢሆንም ልደቱ የእሳቸው ነውና አሠራሩን ላኪልኝ። ምንም ሳታስቀሪ።

እመቤታችን ከአንቺ አትራቅ።
ቤርኒስ


ቱሳን፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1996

ለውዷ እህቴ ለቤርኒስ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደጁን ስጠርግ ነበር፤ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ አነበብኩት። አክስታችን በመዳናቸው እግዚአብሔር ይመስገን። ለቼስተርም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የእኔም ቧንቧ የሚያጠብቅለት አጥቷል በዪልኝ።

ክንፌን ማስታወሳቸው ደስ አሰኘኝ። አሠራሩ እንኳ ለመጻፍ የሚበቃ አልነበረም። ክንፉን ከመገጣጠሚያው ለሁለት ትከፍዪዋለሽ፤ ጫፏን ለሾርባ ታስቀሪያለሽ። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ አንድ በአንድ ታደርቂዋለሽ፤ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ለአራት ፓውንድ ክንፍ አንድ ሾርባ ማንኪያ ከግማሽ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በታትነሽ ታሽዪዋለሽ። እርስ በርሱ ሳይነካካ በሽቦ ፍርግርግ ላይ ደርድረሽ፣ ሥሩ ትሪ ታደርጊለታለሽ። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ትቼው አትክልቴን አጠጣለሁ። ስቡ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ መጀመሪያ በሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ እሳቱን ወደ አራት መቶ ሃያ አምስት ከፍ አድርገሽ አርባ ደቂቃ። ቅቤና የሚያቃጥለውን ስጎ የምትለውሽው ከወጣ በኋላ ነው። አለቀ።

እዚህ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። ልብስ እንኳ አስጥቼ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀኛል። ቀላል ያልሆነው ማታ ማታ አንድ ሳህን ብቻ ማጠቡ ነው፤ ኖርበርት ካረፈ ወዲህ አልለመድኩትም። አንቺ አክስታችንን ሳምንቱን ሙሉ ታያቸዋለሽ፤ ለእኔ ያለኝ የእሑዱ አሥር ደቂቃ ነው። እሱም ስለ ማን ሲወራ እንደሚያልቅ ብነግርሽ አታምኚኝም። ይቅር።

ሰላሙን ያብዛልሽ።
አዴላ


ቡፋሎ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1996

ለአዴላ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። እዚህ ከሐይቁ የመጣው በረዶ አጥሩን ውጦታል። ቼስተር አካፋውን ይዞ ወጥቶ፣ አካፋውን በረዶው ውስጥ አጥቶ ባዶ እጁን ተመልሶ ገባ።

እንዳልሽው አደረግሁ። ከፈልኩ፣ አደረቅሁ፣ ለካሁ፣ ደረደርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት፤ አጠገቡ የጎመን ድስቴ ይፈላ ነበር። ከምድጃው ሲወጣ መልኩ ያስጎመጃል። ሲነከስ ግን እርጥብ ካልሲ ነው። ቼስተር አንዱን አንሥቶ አጣጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

"ቤርኒስ፣ ይሄ ክንፍ አይደለም፣ ጓንት ነው" አለኝ።

አክስታችን ሁለት በሉና "የአዴላ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ ይሄኛው ዝም ይላል" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ጨውም በዝቷል።"

ባለፈው ሳምንትም ደገምኩት፤ ያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ወይዘሮ ፓቭላክ የኬኳን አሠራር ስትሰጠኝ ሁለት እንቁላል አጉድላ ነበር፤ ለስድስት ዓመት ኬኬ ሲሰምጥ ዝም ብላ አየችኝ። ሴት አሠራሯን ስትሰጥ አንድ ነገር ጓዳዋ ታስቀራለች። ከሌላ ሰው አልገረምም ነበር። ከአንቺ ግን አልጠበቅሁም።

ምንድን ነው የደበቅሽኝ? የምጠይቅሽ አንድ ጊዜ ነው።

ቤርኒስ


ቱሳን፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1996

ለእህቴ ለቤርኒስ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነብኝ።

በኖርበርት ነፍስ እምልልሻለሁ፣ ከጻፍኩልሽ ሌላ የማደርገው ነገር የለም። ምናልባት ምድጃሽ አርጅቶ ዲግሪውን ይዋሽሽ እንደሆነ ብዬ የምድጃ ቴርሞሜትር ልኬልሻለሁ። ውስጡ ስቀዪውና እውነቱን ይንገርሽ።

ለመሆኑ ከአንቺ የምደብቀው ምን አለኝ? ሰፈሩ አንቺ ጋ ነው፣ አዳራሹ አንቺ ጋ ነው፣ አክስታችን አንቺ ጋ ናቸው። እኔ የባሌ ሳንባ ከብረት ፋብሪካው ጢስ ይረፍ ብዬ እዚህ ደረቅ አገር መጣሁ፤ ሳንባውም አልዳነ፣ እኔም አልተመለስኩ። አንዲት የክንፍ አሠራር ብትተርፈኝ እሷንም ሰጠሁሽ።

እሑድ አክስታችንን ስለ ክንፉ ጠይቄያቸው ነበር። የመለሱልኝን አልጽፍልሽም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በገና ዋዜማ ከምትቆርሱት ስስ ቂጣ የእኔን ቁራሽ አትርሱት። ሃያ አምስት ዓመት በፖስታ ሲመጣልኝ ኖሯል፤ ዘንድሮ ተቀይመሽ እንዳታስቀሪብኝ።

አዴላ


ቡፋሎ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1997

ለአዴላ፣

እንኳን አደረሰሽ። ቂጣሽ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌዋለሁ፤ ካልተሰበረ እዪው፣ ግማሽ ያህል ነው። አክስታችን ናቸው የቆረሱልሽ። ለአሥራ አንድ ሰው የሚቆረሰውን ቂጣ መጀመሪያ ከሁለት ከፈሉና አንዱን ወደ ጎን አድርገው "ይሄ የአዴላ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" አሉ። ለእኔ የደረሰኝ ከጥፍሬ አይበልጥም። እሱንም አመስግኜ በላሁ።

ቴርሞሜትርሽ ደርሷል። ምድጃዬ እንደ ጳጳስ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ስለ ክንፉ ከእንግዲህ አትጨነቂ። መላ አግኝቻለሁ።

ቤርኒስ


ቡፋሎ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1997

ለአዴላ፣

ልደቱ በደህና አለፈ። አርባ ሦስት ሰው መጣ። ያንቺ ክንፍ ቀርቧል። የማን እንደሆነ ሁሉም እንዲያውቅ "የአዴላ ክንፍ" ብዬ በካርድ ጽፌ ከትሪው ፊት አቁሜዋለሁ። አክስታችን አምስት በሉ።

ሥራ በዝቶብኛል፤ በዚህ ይብቃኝ።

ቤርኒስ


ቱሳን፣ ማርች 3 ቀን 1997

ለቤርኒስ፣

የእግዜር ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ነገሬ ልግባ።

ካርድ ጻፍኩልሽ ትዪኛለሽ። በልደታቸው ማግስት ስደውል አክስታችን ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? "ቤርኒስ በምድጃ የሠራችው ክንፍ፣ አዴላ፣ በሕይወቴ እንዲያ ያለ አልበላሁም። አምስት በላሁ። አንቺ እንዲያ አትችዪም።" ስሜ ያለበት ካርድ የት ሄደ? እኔ እዚህ ደስ ብሎኝ ልጠይቅ የደወልኩት፣ የእኔው ክንፍ ባንቺ ስም ተሞግሶ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ደብቀሻል ካልሽኝ የደበቅሁሽ ይኸውልሽ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር አሥሩ ደቂቃዬ የሚያልቀው ቤርኒስ ስትወራ ነው። ቤርኒስ በአዳራሹ ክንፍ ጠብሳ ሰው ተሰልፎ። ቤርኒስ እግሬን አጥባ። ቤርኒስ ለፋሲካ ማዕድ ከቅቤ በግ ቀርጻ፣ ዓይኑ በቁንዶ በርበሬ፣ ሕያው ይመስላል። "እጇ የመልአክ ነው" ይሉኛል። እኔ ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንደበላሁ አይጠይቁኝም። ስልኩን ስዘጋ ጥርሴን ነክሼ ነው።

እኔ ቤት የሰነበቱ ጊዜም ጨው በዝቷል ብለው አያውቁም። ክንፌን በልተው "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ፣ እንደ እንግዳ። እያመሰገኑ ነበር፤ እኔ ግን ያን ዕለት ለምን እንደከፋኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

አዴላ


ቡፋሎ፣ ማርች 24 ቀን 1997

ለእህቴ ለአዴላ፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ቢሆንም እንደምን አለሽልኝ?

ፋሲካ ሳይገባ ተናዘዝኩ። አባ ቦግዳን ሰሙኝና "ንስሐሽ ደብዳቤ ነው" አሉኝ። ሃምሳ ጊዜ ጸሎት ድገሚ ቢሉኝ እመርጥ ነበር። እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ሁሉንም ልጻፍልሽ።

በገና ሰሞን ቼስተር ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ አነበባቸው። መነጽሩን አወለቀና "ኖርበርት ለምን ነበር በረሃ የሄደው?" አለኝ።

"ለሳንባው። ለደረቅ አየር" አልኩት።

"ልብሷስ በስንት ጊዜ ይደርቃል?"

"ሳታስጣው።"

"ያንቺስ?"

የእኔ ልብስ ሰገነቱ ላይ ሦስት ቀን ተሰቅሎ ቀዝቅዞ እንጂ ደርቆ አይወርድም። ቼስተር ሳቀ። "ምስኪኗ ምንም አልደበቀችሽም። እሷ አትክልት ስታጠጣ አየሩ ክንፉን ያደርቅላታል። አንቺ ከጎመን ድስት አጠገብ አስቀምጠሽ ታጥኚዋለሽ" አለኝ።

ያን ዕለት ክንፉን በፍርግርጉ ላይ እንዳለ የኋላው በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ በበረዶው ወራት ፍሪጅ የምናደርገው ያንን በረንዳ አይደል። ብርዱ ውኃውን መጦ ይወስዳል። ሳልሸፍነው አድሮ በማግስቱ ቆዳው እንደ ብራና ሆኖ ጠበቀኝ። ጋገርኩት። ቀጭ ቀጭ አለ፣ አዴላ። ወጥ ቤት ቆመን እኔና ቼስተር አሥራ ስድስቱን ጨረስን። ለአክስታችን አላቀመስኳቸውም።

ለልደቱ መቶ ሃምሳ ክንፍ እንደዚያው አድርጌ ጋገርኩ። ከምድጃው ሲወጣ መስታወት ነበር። ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ይህን ቀጭ ቀጭ ቢሰሙ "አያችሁ፣ የአዴላ እንዲህ ነው" እንደሚሉ ገባኝ፤ በአርባ ሦስት ሰው ፊት፣ በእኔ ቤት፣ እኔ በቆምኩበት። ያኔ የምድጃ ፎይሉን መዘዝኩና ትሪውን በትኩሱ ጥብቅ አድርጌ ሸፈንኩት። በእንፋሎቱ ላበው። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁት። ጓንት ሲሆን ከፈትኩና ስምሽን ጽፌ ፊቱ አቆምኩ።

ወይዘሮ ፓቭላክ አንድ ነክሳ በሶፍት ጠቀለለችው። ሰው ካርዱን እያነበበ ፊቱን አጨማደደ። እኔም ያየሁት ይበቃኝ ነበር። አክስታችን ግን ያንን እርጥብ ቆዳ እየጎተቱ አምስቱን በሉ። እኔን ቀና ብለው አይተው "ጨው በዝቷል" አሉኝ። ለአንቺ ደግሞ በማግስቱ የእኔ ነው ብለው አመሰገኑልሽ። ካርዱን እንደሁ በትልቁ ነው የጻፍኩት፤ መነጽራቸውም ዓይናቸው ላይ ነበር።

ለእኔ በየቀኑ የሚሉኝን አሁን ልንገርሽ። አዴላ ጸጉሯን እንዴት እንደምትሠራ። አዴላ ቤቷ እንዴት ንጹሕ እንደሆነ። አዴላ እንዴት ቀስ ብላ እንደምታወራ። "እንደ አዴላ አይነት ሰው የለም።" ይህን እየሰማሁ ነው እግራቸውን የማጥበው።

ቼስተር ደብዳቤሽን ሳነብለት "ሴትዮዋ የምታመሰግነው ማዕዷ ላይ የሌለውን ነው" አለኝ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህ መሆን አለበት።

አርባ ሦስት ሰው ፊት አሳፍሬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።

ቤርኒስ


ቱሳን፣ ሜይ 11 ቀን 1997

ለቤርኒስ፣

ሰላም ነኝ። መልሱ የዘገየው ሆን ብዬ ነው። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ሳቅሁ። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ተናደድኩ። ፎይሉን አሰብኩት፤ ግማሽ ሰዓት ቆመሽ መጠበቅሽን። ብሽቀቱ ሲያልፍልኝ ደግሞ የእኔ ነገር መጣብኝ። አዳራሽሽ ባዶውን እንዲውል፣ ዘይትሽ እንዲያርርብሽ የተመኘሁባቸውን እሑዶች ብቆጥር ካንቺ ፎይል አያንሱም። እኔ ትሪ ስላልነበረኝ ነው እንጂ።

ይቅር ብዬሻለሁ፤ በነጻ ግን አይደለም። ለሦስት ሳምንት አክስታችንን ስጪኝ። ወስጄያቸው አይደለም፣ በዚህ ዕድሜ አውሮፕላን አይችሉም። እኔ ልምጣና ቤትሽ ልቀመጥ። አንቺና ቼስተር የእኔን ቁልፍ ይዛችሁ እዚህ ክረሙ። ለአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ዕረፍት እንዳልወጣሽ ቼስተር በገና ካርዱ ላይ በትንንሽ ፊደል ጽፎልኛል።

እሺ በዪኝ።
አዴላ


ቡፋሎ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1997

ለአዴላ፣

እንደምን ከረምሽ? አራት ወር ሙሉ እምቢ ልልሽ ምክንያት ፈለግሁ። ሁሉም አፌ ውስጥ ሲገባ ቅናት ቅናት ይለኛል። ቼስተር ሻንጣውን በጁላይ አዘጋጅቶ በሩ ሥር አቁሞታል፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያደናቅፈኛል።

ይሁን። በኖቬምበር ነዪ። መድኃኒታቸው በጠዋት ነው። እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ እንጂ በሙቅ አትጠቢ። ወንበራቸውን ከስልኩ ሥር አታንሺ።

ከእኔ ይልቅ ከወደዱሽ አትጻፊልኝ።

ቤርኒስ


ቡፋሎ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1997

እኔ ቤት ላለሽው ለእህቴ ለቤርኒስ፣

ሰላም ከገዛ ወጥ ቤትሽ። አልጋዬ ተመቸሽ? አትክልቱን ያጠጣል ወይ ቼስተር? አክስታችን ደህና ናቸው፤ መድኃኒቱን በጠዋት፣ እግሩን በለብታ።

ትናንት ክንፍ ሠራሁላቸው። እንዳልሽው በረንዳው ላይ አሳድሬ ጋገርኩት። ወይዘሮ ፓቭላክ ከአጥሩ በላይ አይታ "አንቺ ነሽ የካርዱ አዴላ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። ሦስት አቀመስኳት፤ ሳህን ይዛ ተመለሰች።

አክስታችን ስድስት በሉ። ጣታቸውን ጠረጉ። "ከቤርኒስ አይደርስም" አሉኝ።

እዚህ ድረስ መጥቼም አልቀረልኝም። ወንበር ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፤ ያንቺ ነውና።

"ለምን ለራሷ አይነግሯትም?" አልኳቸው።

"ለማን?"

"ለቤርኒስ። እጇ የመልአክ ነው ይሉኛል። ለእሷ ጨው በዝቷል ይሏታል። አሥራ አራት ዓመት አንዲት ቃል ስትጠብቅ።"

አጥንቶቹን በሳህኑ ዙሪያ ደረደሯቸው፤ እንደሚያደርጉት።

"እናቴ ላም ነበራት፣ በድሮው አገር፣ ባሕር ማዶ" አሉ። "ያቺን ላም አንድ ቀን ደጅ ቆማ አሞገሰቻት፤ ላሟ በሳምንቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እናቴ እጇ ላይ ያለውን ነገር ጮክ ብላ አመስግና አታውቅም፤ እኔንም ጭምር። እናቶቻችሁን፣ እህቶቼን፣ እኔ ነኝ ፊት ለፊት ያመሰገንኳቸው። ሁለቱንም ቀበርኩ። የቀረችኝ ቤርኒስ ናት። ጥሩ ናት ብዬ አፌን ብከፍትና እላይ ያለው ቢሰማኝስ?"

"እኔንስ?" አልኳቸው። "እኔን ለእሷ ሲያመሰግኑኝ አይፈሩም?"

ጉንጬን በዚያ ቅባት በነካው እጃቸው ዳበሱኝ። "አንቺንማ አንዴ ወስዶብኛል፣ ልጄ" አሉኝ።

ቤርኒስ፣ ተነሥቼ ሳህኑን አጠብኩ፤ ሁለት ሳህን ነበር። ሁልጊዜ የምቀናብሽ በምስጋናው መስሎኝ ነበር። አሁን የምቀናብሽ በጨው ነው።

ይህን ወረቀት አስቀምጪው። የፈለግሽው ቃል ይኸው በእጅሽ ነው።

አዴላ


ቱሳን፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1997

ወጥ ቤቴ ለገባችው ለአዴላ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ደረጃሽ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ቼስተር ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ አቧራ ገባብኝ አልኩት፤ እዚህ አገር አቧራ አይጠፋም። አጣጥፌ ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ አራት ጊዜ አውጥቼ አንብቤዋለሁ፣ አምስተኛውን አልነግርሽም።

ክንፍሽን በምድጃሽ ሠራሁት። አንድ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ትቼው አትክልትሽን አጠጣሁ። ውጤቱን ለመናገር እንኳ አልወድም፤ ከዘይቱ ይበልጣል። ወይዘሮ ፓቭላክ ይህን እንዳትሰማ።

ትናንት እሑድ ስደውል "አክስታችንን ስጪኝ" ብዬሽ አንቺ ልብስ ልትሰበስቢ ወደ ሰገነቱ ወጣሽ። እንግዲህ አሁን ሩቅ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አዴላ እንዲህ አደረገችልኝ፣ አዴላ እንዲያ እያሉ አሥሩን ደቂቃ ይጨርሱብኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተዘጋጀሁ።

"አዴላ ክንፍ ሠራችልዎ አሉ። እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እላይ ያለው እንዳይሰማቸው ይመስል፣

"ጨው በዝቷል" አሉኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ።

ቤርኒስ